ያደረ ቅጠል

ቅጠሉን በሙቀጫ ወቀጥኩት፣ አልኮል አፈሰስኩበት፣ በጨርቅ አጠለልኩት፤ ከዚያ የቀጭን ወረቀት ጫፍ አስነክቼ ተውኩት። የመማሪያ መጽሐፉ «ስፒናች ተጠቀሙ» ይላል። ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ሙቀት ስፒናች ከመፈለግ በረዶ መፈለግ ይቀላል። ጫት ግን መቼ ጠፍቶ! ቀለሙ በወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣ፤ ከታች ዳልቻ አረንጓዴ፣ ከሱ በላይ ደማቅ አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ ብጫ። ሁልጊዜ የሚንጫጫው አሥረኛ «ቢ» ጸጥ አለ።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ አንድ ጉንጩ የሚያብጥ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ምርቃናው የትኛው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። «ከነዚህ አንዱም አይደለም፤ እሱ ቀለም የለውም» አልኩት።

«ቀለም ከሌለው እንዴት አዩት ታዲያ?»

መልሱን ሳልጀምር ደወል ተደወለ። ይህ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ ነው። ልጁ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ባጃጅ ይነዳል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ጥሩንባውን ይነፋልኛል። እኔም ጡረታ ወጥቼ ጊዜ አለኝ። ለሱ ያልሰጠሁትን መልስ እዚህ ልስጠው። የራሴን ነገር ዓ.ም. እያልኩ በራሴ ዘመን፣ የቀረውን ሁሉ በፈረንጅ ዘመን እቆጥራለሁ፤ እንዳይምታታ።

መልሱን ያስጀመረችኝ አዴ ናት። አዴ መጋላ በሚባለው ሰፈራችን ግድግዳ ተጋርታን የኖረች ጫት ሻጭ ነበረች። ቃሉ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ በዚሁ ስለሚጠራት ሌላ ስም እንዳላት የሰማሁት ቀብሯ ላይ ነው። «አንቺ» ነበር የምንላት። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችን ይህን ሲሰሙ ይሸማቀቁ ነበር፤ ድሬ ላይ ግን አንቱታ ለእንግዳ ካልሆነ ደጅ አልፎ አይገባም። አባቴ የምድር ባቡር ዴፖ ሠራተኛ ነበር፤ የመፍቻውንም የብሎኑንም ስም የሚያውቀው በፈረንሳይኛ ነው። እሱ ሥራ ሲውል እኔ አዴ ዘንድ እውላለሁ። ሥራዬ ውሃ መቅዳት፣ ደመወዜ በቀን አሥር ሳንቲም።

ጫት በኛ ሙቀት አይሆንለትም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ጫቱ የሚወደው ከደንገጎ ዳገት በላይ ያለውን የሐረማያና የአወዳይ ደጋ ነው። እዚያ በጤዛ የተቀጠፈ ጫት በመኪና ጠመዝማዛውን ወርዶ ረፋድ ላይ አዴ እጅ ይገባል። ጆንያው ሲፈታ እንፋሎት ነገር ይወጣዋል፤ የታጨደ ሣር ሽታ፣ ትንሽ መራራ። እሷ ወዲያው መለየት ትጀምራለች። ቀንበጡን ለብቻ፣ ለጋውን ለብቻ፣ ጠንከር ያለውን ቅጠል ለብቻ። ቀይ ዛላ ያለውን «ዲማ» ትለዋለች፤ ከነጩ ጋር አይቀላቀልም። ከዚያ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በልጥ ታስራለች፤ በላዩ እርጥብ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ የኔ ውሃ። ፀሐይ ዞራ በደረሰችባት ቁጥር እቃዋን ይዛ ጥላ ትከተላለች። ሰዓት አልነበራትም፤ ከግድግዳ ግድግዳ መሸጋገሯን አይቼ እኔም ምሳ መድረሱን አውቅ ነበር።

ዋጋው ከጥላው ጋር ይዞራል። ስድስት ሰዓት ላይ በርጫ የሚቀመጡት ሳይመጡ በፊት የማይቀመስ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መከራከር ይቻላል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቀረው በግማሽ ይሄዳል። ማግስቱን ያየ ጫት ደግሞ ለፍየል ነው፤ የመጋላ ፍየሎች ይህን ያውቃሉ፣ ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ይሰለፋሉ። አንድ ቀን «መልኩ እኮ አልተለወጠም፣ አረንጓዴ ነው» ብያት ነበር። በጣቷ ጫፉን አጠፍ አደረገችው፤ ሳይሰበር ተጣጠፈ። «መልኩ አለ፣ እሱ ሄዷል» አለችኝ። «እሱ» ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ኬሚስትሪ የተማርኩት «እሱን» ለማወቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጫት ለኛ አገር አዲስ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት የዓፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ያነሣዋል፤ የይፋቱ ሰብረዲን ንጉሡን ባሸንፍ በመዲናቸው ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ዛተ ይተርካል። ቅጠሉ ያኔም ለሰው አንድ ነገር ያደርግ እንደነበር ከዛቻው ይገባናል። ሐረርጌ ውስጥ ገበሬው «ጂማ» እያለ ይጠራዋል፤ እርሻ ሲወጣ ይቅመዋል፣ ለዱዓ ሲቀመጥ ይቅመዋል፣ ራሱን ሲያመው ደግሞ አፍልቶ ይጠጣዋል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ጥር ላይ ሐረር ሲገባ የአሚሩን ሰዎች ሲቅሙ አግኝቷቸዋል፤ ጉዳዩን በመጽሐፉ አስፍሮታል።

ነገር ግን ያ ሁሉ ዘመን ጫት የደጋ ሰው ነገር ነበር። ግመል ከሐረር ተነሥቶ ባሕር ዳርቻ እስኪደርስ የሚፈጅበትን ቀን አዴ ብትሰማ ለግመሉ ራሱ አብሉት ትል ነበር። ባቡር ነው ነገሩን የለወጠው። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ በ1902 ታኅሣሥ እዚህ ደረሰ። ሐረር ለመውጣት ተራራው ገንዘብ ስለሚበላ እግሩ ሥር ቆመ፤ ምኒልክም ቦታውን «አዲስ ሐረር» አሉት። ስሙ አልጸናም፣ ከተማው ግን ጸና። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አወዳይ የተቀጠፈ ቅጠል በባቡር ሄዶ ሳያረጅ ባሕር ዳርቻ መድረስ ቻለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ክንፍ አወጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 መብረር ጀመረ፤ ብዙ ሳይቆይ ከድሬዳዋ የሚነሡ አውሮፕላኖች ጫት ጭነው ጅቡቲና ዓደን ያራግፉ ጀመር። እንግሊዞች ይገዟት የነበረችው ዓደን በ1957 ጫት ከልክላ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ክልከላው ተነሣ። ቡና በመርከብ ይሄዳል፣ ከብት በእግሩ ይሄዳል፤ እስኪ አንድ ቀን ስላደረ ዋጋ ያጣል ተብሎ በአውሮፕላን የሚጫን ቅጠል ሌላ የት አለ? ይህ የሆነው ማንም ሳይንቲስት ምክንያቱን ሳያውቅ ነው።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ደጃችን ሲደርስ ባቡሩ ቆመ። የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከተኩሱ ይልቅ የማስታውሰው የአዴን ባዶ ጆንያ ነው። ከልማድ ተነሥታ በሰዓቷ ውሃ ረጨችበት።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ ልሂድ። ስዊድናዊው የካርል ሊኔ ደቀ መዝሙር ፔተር ፎርስኮል በ1763 የመን ውስጥ ተክሉን አይቶ መዘገበው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ እዚያው በወባ ሞተ። ጽሑፉን ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። የዛሬው የሳይንስ ስሙ «ካታ ኤዱሊስ» ከሱ የተወረሰ ነው፤ የሚበላ ጫት ማለት ነው። ያኔ ነው ደረቅ ቅጠል በወረቀት ተጣብቆ ወደ አውሮፓ መሄድ የጀመረው። ደረቅ የሚለውን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ።

19ኛው ክፍለ ዘመን የማውጣት ዘመን ነበር። ጀርመናዊው ዘርቱርነር ከኦፒየም ሞርፊንን ለየ፤ በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ከሲንኮና ቅርፊት ኪኒንን አወጡ፤ ካፌይንም በዚያው ዘመን ተገኘ። ዘዴው በመሠረቱ እኔ ክፍል ውስጥ ካደረግሁት ብዙ አይርቅም። ተክሉን ትፈጫለህ፣ የምትፈልገው ነገር የሚሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ትዘፈዝፋለህ፣ ቅባቱን፣ አረንጓዴውንና ታኒኑን ደረጃ በደረጃ ትሸኛለህ፣ በመጨረሻ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ነጭ ብናኝ ይቀራል። ብናኙ ተክሉ የሚያደርገውን ካደረገ አገኘህ። የልጁ ጥያቄ መልስ አንዱ ይህ ነው፤ ቀለም የሌለውን ነገር የምታየው በሥራው ነው።

እንግዲህ በ1887 ፍሉኪገርና ገሮክ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ስትራስቡርግ ውስጥ ደረቅ ጫት ይዘው ተቀመጡ። ካፌይን ነበር የጠበቁት፤ ሰው እንደ ቡናና ሻይ የሚወደው ቅጠል ነዋ። ካፌይን የለም። ሌላ አልካሎይድ አገኙና «ካቲን» አሉት። በ1930 ቮልፈስ የካቲንን ማንነት ለየ፤ የኤፌድራ ተክል ውስጥ ካሉት ቅመሞች ወገን፣ የኤፌድሪን የሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። መዝገቡ ተዘጋ፣ ጫት ማለት ካቲን ማለት ነው ተባለ። ግን ሒሳቡ እምቢ አለ። በ1941 ፎን ብሩከ የሚባል ተመራማሪ ቅጠሉ ውስጥ ያለው የካቲን መጠን ጫት የሚያደርገውን ለማድረግ እንደማይበቃ ጻፈ። የሆነ ነገር ጎድሏል። ሰውየው ድሬዳዋ ቢመጣ የቀፊራ ገበያ በር ላይ ያለች ማንኛዋም ሻጭ የጎደለውን ትነግረው ነበር።

በ1963 ፍሪብልና ብሪላ ከትኩስ ቀንበጥ ተነሥተው ከካቲን የሚበረታ ነገር እንዳለ አመለከቱ። በዚህ መሐል እኛም አልተኛንም። ከደንገጎ በላይ ያለው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በጫት እርሻ መሐል ነው የተሠራው። በ1973 አማረ ጌታሁን ከክሪኮሪያን ጋር ሆኖ ስለ ሐረር ጫት ሁለት ክፍል ያለው ጥናት በአንድ የታወቀ የዕፀዋት መጽሔት አወጣ፤ አንዱ ስለ ተክሉና አተካከሉ፣ ሌላው ውስጡ ስላለው ኬሚስትሪ። ርዕሱ ላይ ጫትን «የቡና ተቀናቃኝ» ብለውታል። ተማሪ ሳለሁ ቅጂውን አግኝቼ ሳነብ የአዴን ጆንያ ያየሁ ያህል ደስ አለኝ።

ከዚያ 1975 መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ትኩስ ቅጠል አስመጥቶ ሠራበትና ሌላውን ነገር ለየው። ካቲኖን ተባለ። ከካቲን የሚለየው በጥቂት ነው፤ ካቲኖን ላይ ኦክስጅኑ ብቻውን ከካርቦን ጋር በድርብ ትስስር ተያይዟል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ የራሱ ኢንዛይሞች ሃይድሮጅን ይጨምሩለትና ካቲኖኑ ወደ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። ሁለቱም ደካሞች ናቸው። ሁለት ቀን ገደማ ሲሆነው ዋናው ነገር ተመናምኗል። የሚገርመው፣ ካቲኖን ተጣርቶ ብቻውን ሲወጣም አይረጋም፤ ሞለኪውሎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣምረው ሌላ ነገር ይሆናሉ። ቅጠሉ ውስጥ ሆኖ ሰው ይቸኩልበታል፣ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶም አያስቀምጥም። ኋላ በርን ላይ የተሠራ ልኬት ከ100 ግራም ትኩስ ጫት ውስጥ በአማካይ 36 ሚሊ ግራም ካቲኖን፣ 120 ሚሊ ግራም ካቲን፣ 8 ሚሊ ግራም ኖርኤፌድሪን ያሳያል። ካቲኖኑ በብዛት ያለው በቀንበጡ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠና ካቲኑ ይበዛል። አዴ ሦስት ቦታ የምትለየው ለዚህ ነበር። የዋጋ ዝርዝሯን ከላቦራቶሪው ሠንጠረዥ ጎን ባስቀምጠው የሚጣላ መስመር አላገኝም።

ከኮሌጅ ለዕረፍት ስመለስ ይህን ሁሉ ይዤላት ሄድኩ። ጥላዋን ተከትላ ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ደርሳ ነበር። እኔም ጎኗ ተቀምጬ፣ ገና ጥሬ በሆነ እውቀቴ ኮርቼ፣ ኢንዛይም እያልኩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«የመጀመሪያዎቹ ፈረንጆች ያዩት ቅጠል ስንት ቀን ያደረ ነው?»

«እንጃ፣ በመርከብ ነው የሄደው። ሳምንታት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

ሳቋ ሲመጣ አየሁት፤ ከሆዷ ተነሥቶ ትከሻዋን አንቀጠቀጠው። «ወላሂ! የፍየል ምግብ ይዘው ነው ሰማንያ ዓመት የፈለጉት!» ጎረቤት ሻጮች ምን ተገኘ ብለው መጡ፤ እሷም በኦሮምኛ፣ አንዷ ደግሞ በሶማልኛ ለቀሪዎቹ አስተረጎመችው። ከሰማንያም ይበልጣል፤ ከ1887 እስከ 1975 ሰማንያ ስምንት ዓመት ነው። አላረምኳትም።

በፈረንጆቹ ብቻ እንዳልስቅ ግን ሌላ ጉዳይ ላስታውስ። እናቴ ነጠላ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ቅመም ነው። የሐረርጌው ተወላጅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ሆነው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ካለቀ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ፓርክኸርስት የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ገዳዩን ቅመም ለይቶ ሲያወጣ በእሳቸው ስም «ለማቶክሲን» አለው። እሳቸውና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አየህ ልጄ፣ ወንዝ ዳር ያሉትን ሴቶች ቀና ብሎ ያየ ሰው ስንት ዓመት እንደሚያተርፍ? የጫት ኬሚስትሪ ያጣው ይህን ነው። ገበያ ወርዶ የጠየቀ አልነበረም።

መለየቱ ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ካቲኖን እንደ አምፌታሚን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያስለቅቅ መሆኑን በ1980ዎቹ ካሊክስ የሚባል ተመራማሪ ያደረጋቸው ጥናቶች አሳዩ። ያን ጊዜ ኅብረተሰቡ «ምርቃና» የሚለው ነገር ሳይንሳዊ ስም አገኘ፤ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ድብርትና ዱካክም ምክንያት አገኘ። እኔም ለፈተና ቅሜ አውቃለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጽሐፉ ሁሉ የሚገባኝ መስሎኝ፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ስሜን የጻፍኩበትን ገጽ እንኳ ማንበብ አቅቶኝ ያየሁበት ሌሊት አለ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ልጆችን ዓይን ስመለከት ማን ሌሊቱን እንዳልተኛ የማውቀው ከዚያ ነበር። ብዙዎቹ ጎበዞች ነበሩ።

ዓለም አቀፉ ሕግ ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። ካቲኖን ከሁሉም በላይ ጥብቅ ቁጥጥር ካለባቸው ቅመሞች መዝገብ ውስጥ ነው፤ ካቲንም ላላ ባለ መዝገብ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ራሱ ግን ከስምምነቱ ውጭ ነው፤ እያንዳንዱ አገር እንደ ፈለገው ያደርገዋል። ለንደን በ2014 ከለከለችው። እዚህ ከቡና ጎን ከዋነኞቹ የውጭ ምንዛሬ ምንጮች አንዱ ነው። አዴ ቀኑን ሙሉ ታስርና ትፈታ የነበረው ንጹሑ ቢወጣ ወንጀል የሚሆን፣ ቅጠሉ ውስጥ ካለ ግን ግብር የሚከፈልበት ነገር ነበር።

የድሮው ባቡር ጣቢያ ዛሬ ጸጥ ብሏል። የአባቴ ዴፖ አሁንም ዘይት ይሸታል። አዲሱ ባቡር በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ጫቱ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ መኪኖቹ ደንገጎን ሲወርዱ ጥሩንባቸው ከሩቅ ይሰማል፤ ሰውም መንገድ ይለቃል።

ባለፈው ግንቦት የድሮ ትምህርት ቤቴ ለሳይንስ ክበቡ ያንን የወረቀት ሙከራ እንዳሳይ ጠራኝ። ቅጠል ፍለጋ ወረድኩ። የአዴ የልጅ ልጅ እዚያው ግድግዳ ጥግ ላይ ትሸጣለች፤ ውሃ የምትረጨው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣ ክዳኑን በምስማር በስታዋለች። ለቀለም ሙከራ ያደረውም ይበቃኛል ብዬ የትናንቱን እንድትሸጥልኝ ጠየቅኳት፤ ዋጋውም እንደሚቀንስልኝ አስልቼ ነበር።

«የትናንቱ? ስንት ልበልህ እኔ፣ እሱ እኮ ጫት አይደለም» አለችኝ። ከጆንያው ሥር እቅፍ ሙሉ አወጣችና ደረቴ ላይ አስታቀፈችኝ። «ቅጠል ነው። ውሰደው አቦ።»

ሒሳብ አልተቀበለችኝም። ተሸክሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ ሁለት ፍየሎች እስከ በሩ ድረስ ተከተሉኝ።